ሳይቆረጥ የማይለይ፦ ካንሰር ያልሆኑና እምብዛም የማያጋጥሙ የቆሽት ሲስቶች

ለኩላሊት ጠጠር ወይም ለወገብ ሕመም ሲቲ ስካን የተነሣ ሰው አንዳንዴ ያልጠየቀው መልስ ይመጣለታል፤ ቆሽቱ ላይ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ ሐኪሞች ሲስት የሚሉት፣ ታይቷል። ይህ የጥቂቶች ዕጣ አይደለም። በ2008 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች 2,832 የሲቲ ምርመራዎችን መርምረው ከመቶ 2.6 ላይ ሲስት አግኝተዋል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይበልጥ አጥርቶ በሚያሳየው ኤምአርአይ ደግሞ በ2010 በታተመ ጥናት ከ616 ሰዎች 13.5 በመቶው ላይ ታይቷል። በ1995 በጃፓን የ300 ሰዎች አስከሬን ሲመረመር ከአራቱ የአንዱ ያህል ቆሽት ውስጥ ትንንሽ ሲስቶች ተገኝተዋል።

ከነዚህ ሲስቶች አብዛኞቹ፣ ሐኪሞች በደንብ ከሚያውቋቸው ወገኖች ይመደባሉ። ከቆሽት ብግነት በኋላ የሚጠራቀመው ሐሰተኛ ሲስት አለ፤ ሐሰተኛ የተባለው የራሱ የሕዋስ ሽፋን ስለሌለው ነው። ውሃ የመሰለ ፈሳሽ የሚይዘው ሴረስ ሲስት አለ። ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጩትና ውለው አድረው ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉት ሙሲነስ ዕጢዎችም አሉ። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ግን ከነዚህ ሁሉ ውጭ በሚቀሩት፣ በየራሳቸው እጅግ ጥቂት በሆኑትና በራሳቸው ማንንም በማይገድሉት ላይ ነው። ጥያቄው ለመግለጽ ቀላል፣ ለመመለስ ከባድ ነው፦ የማይጎዳን ሲስት ሆድ ሳይከፈት ማወቅ ይቻላል? ካልተቻለስ ምን ያህል እርግጠኛ ስንሆን ነው ተዉት ማለት የሚገባን?

ስም የሌላቸው ከረጢቶች ዘመን

በ1882 ናታን ቦዝማን የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም የኦቫሪ ሲስት ነው ብሎ የአንዲት ሴት ሆድ ከፈተ። ያገኘው ከቆሽት የተነሣ፣ ከ9 ኪሎ በላይ የሚመዝን ከረጢት ነበር። በዚያ ዘመን ምርመራ ማለት በእጅ መዳሰስ ስለነበር ስሕተቱ አያስገርምም። የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ገደማ ሲስቶቹ በውል ሳይለዩ መቆየታቸው ነው። አንዱን ከሌላው የሚለይ ምስል ስላልነበረ፣ ወጥቶ በማይክሮስኮፕ የታየውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የጅምላ ስም ይመዘገብ ነበር።

መስመሩን ያሰመሩት በ1978 በዋሽንግተን የጦር ኃይሎች የፓቶሎጂ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኮምፓኞ እና ኦርቴል ናቸው። በዚያው ዓመት ሁለት ጽሑፎች አወጡ። በአንዱ 34 ሴረስ ዕጢዎችን ገልጸው ሰላማዊ መሆናቸውን አሳዩ፤ በሌላው 41 ሙሲነስ ዕጢዎችን መርምረው ካንሰርነት በውስጣቸው በይፋ ወይም ተደብቆ እንደሚገኝ አስታወቁ። በ1982 ጃፓናዊው ኦሃሺና ባልደረቦቹ ዛሬ አይፒኤምኤን የሚባለውን፣ በቆሽት ቧንቧ ውስጥ እያደገ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያፈሰውን ዕጢ ገለጹ። የሕክምናው ሕግ ከዚህ ክፍፍል ተወለደ፦ ሴረስ ከሆነ ተወው፣ ሙሲነስ ከሆነ አስብበት።

ክፍፍሉ ለብዙ ሰው ሕይወት ጠቅሟል፤ ሆኖም ከሁለቱም ወገን ያልሆኑትን የት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም። እነሱ አንድ በአንድ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ታማሚ ሪፖርት እየተጀመሩ ስም አገኙ። በ1980 በተጨማሪ ጣፊያ ውስጥ የሚፈጠረው ሲስት፣ በ1985 በጀርመን በሉሽትራት እና ሽሪፈርስ ሊምፎኤፒቴልያል ሲስት፣ በ2002 በጣልያን በዛምቦኒና ባልደረቦቹ የአሲናር ሕዋስ ሲስት፣ በ2007 በኦትማንና ባልደረቦቹ ስኳሞይድ ሲስት ተገለጹ።

ቆሽት ያልሆነ ነገር በቆሽት ውስጥ

ሊምፎኤፒቴልያል ሲስት የዚህን ጉዳይ አስቸጋሪነት ከሁሉም በላይ ያሳያል። ውስጡ የቆዳችንን የላይኛ ንብርብር በሚመስል ሽፋን የተለበጠ ነው፤ በዙሪያው ደግሞ በንፍፊት ውስጥ የሚገኘው ዓይነት የሊምፍ ሕዋስ በብዛት ከቦታል። የሚረግፈው ሽፋን እየተጠራቀመ ፈሳሹን ወፍራም፣ አንዳንዴም አይብ የመሰለ ያደርገዋል። በብዛት የሚታየው በወንዶች ላይ ነው፤ ታማሚዎቹም አብዛኞቹ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ናቸው። ወደ ካንሰር የመለወጥ ባሕርይ አይታወቅበትም።

ከየት እንደሚመጣ ግን ስምምነት የለም። የመጀመሪያዎቹ ገላጮች በፅንስ ጊዜ በአንገት አካባቢ ከሚቀር ሕብረ ሕዋስ ከሚነሡ ሲስቶች ጋር አመሳስለውት ነበር፤ ይህ አመለካከት ከአንገት የተነሣ ነገር ቆሽት አጠገብ እንዴት እንደ ደረሰ ማስረዳት ይቸግረዋል። ሁለተኛው ወገን የቆሽት ቧንቧ ሽፋን ተለውጦ፣ በአቅራቢያው ወዳለ የሊምፍ ዕጢ ውስጥ ወጥቶ ነው ይላል። ሦስተኛው በፅንስ ጊዜ በሊምፍ ዕጢ ውስጥ የቀረ የቆሽት ቅንጣት ነው መነሻው የሚል ነው። ሲስቱ ብዙ ጊዜ በቆሽቱ ጠርዝ ላይ ወይም ከቆሽቱ ወጣ ብሎ መገኘቱ ለኋለኞቹ ሁለቱ ክብደት ይሰጣል፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ሆኖም በሁለቱ መካከል የሚፈርድ ማስረጃ የለም።

የተጨማሪ ጣፊያው ሲስት ምንጭ ግን አከራካሪ አይደለም። ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ከዋናው ጣፊያ የተለየ ትንሽ ተጨማሪ ጣፊያ ይዞ ይወለዳል። በ1959 የታተመ የ3,000 አስከሬኖች ምርመራ እንዳሳየው ከተገኙት 364 ተጨማሪ ጣፊያዎች 61ዱ የተቀመጡት በቆሽት ጅራት ውስጥ ነበር። በዚያ ውስጥ አንዳንዴ ሲስት ይፈጠራል። ቦታው ግን ክፉ ነው፤ ሙሲነስ ዕጢ የሚወደውም የቆሽቱን ወገብና ጅራት ነውና። ታማሚዋ ሴት ከሆነች ጥርጣሬው ይብሳል፤ ምክንያቱም የኦቫሪን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ የያዘው ሙሲነስ ዕጢ ከሞላ ጎደል የሚይዘው ሴቶችን ነው። ስለዚህ እስካሁን ከተጻፉት የተጨማሪ ጣፊያ ሲስቶች አብዛኞቹ የታወቁት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ደህናው ጣፊያ አብሮ ወጥቷል።

ሆኖም ይህኛው ሲስት ሊያዝ የሚችልበት ምልክት አለው። በሲስቱ ጠርዝ ያለው ጠጣር ክፍል ቀለም ተወግቶ ሲነሣ በየደረጃው ከዋናው ጣፊያ ጋር እኩል ይደምቃል። በተጨማሪም በሙቀት የተጎዱ ቀይ የደም ሕዋሳትን ቴክኒሺየም በሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ምልክት አድርጎ ወደ ደም መመለስ ይቻላል፤ እንዲህ ያሉትን ሕዋሳት የሚለቅመው ጣፊያ ስለሆነ፣ ምርመራው ቆሽቱ ውስጥ የተደበቀውን ጣፊያ ያሳያል። ምርመራው አዲስ አይደለም፤ የሚጎድለው ሐኪሙ ሊያዝዘው ማሰቡ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሊምፋንጂዮማ ከሊምፍ ቧንቧዎች የሚነሣ ሲሆን ፈሳሹ ወተት መስሎ በቅባት ከበለጸገ እሱን መጠርጠር ይቀላል። ፀጉርና የቆዳ ቅባት የሚይዘው ደርሞይድ ሲስት በቆሽት ላይ እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው የተመዘገበው። ስኳሞይድ ሲስት የሰፋ የቆሽት ቧንቧ ሆኖ ሽፋኑ የተለወጠ ነው፤ ሊምፎኤፒቴልያሉን ቢመስልም በዙሪያው የሊምፍ ሕዋስ የለውም።

ዕጢ ነው ወይስ መስፋት?

በፓቶሎጂስቶች መካከል ዋናው ክርክር የተነሣው በአሲናር ሕዋስ ሲስት ላይ ነው። አሲናር ሕዋሳት የምግብ መፍጫ ኢንዛይም የሚያመርቱት ናቸው፤ የሲስቱ ሽፋንም ከእነሱ የተሠራ ነው። ዛምቦኒና ባልደረቦቹ በ2002 አሥር ታማሚዎችን ሲያቀርቡ ይህ አዲስ ዓይነት ሰላማዊ ዕጢ ሳይሆን አይቀርም ብለው፣ በርዕሳቸው ላይ የጥያቄ ምልክት አኑረው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው ምደባ ከዕጢዎች ዝርዝር አስገባው።

በ2013 ሲንጊና ባልደረቦቹ ጥያቄውን በሌላ መንገድ አነሡት። ሴት በእያንዳንዱ ሕዋሷ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት፤ ከፅንስ መጀመሪያ ጀምሮ በየሕዋሱ ከሁለቱ አንዱ ጸጥ ይላል፣ የትኛው እንደሚሆን ግን በዕጣ ነው። እውነተኛ ዕጢ ከአንድ ሕዋስ ስለሚባዛ በሁሉም ሕዋሳቱ ጸጥ ያለው ክሮሞዞም አንድ ዓይነት ይሆናል። የአሲናር ሲስቶቹ ሽፋን ግን ድብልቅ ሆኖ ተገኘ፤ ማለትም ብዙ ሕዋሳት በአንድነት ሰፍተው የፈጠሩት እንጂ ከአንድ እናት ሕዋስ የተባዛ አልነበረም። ድርጅቱ በ2019 ምደባው ስሙን ቀይሮ “የአሲናር ሲስታዊ ለውጥ” አለው።

ይህ ለቃላት የሚደረግ ክርክር ሊመስል ይችላል፤ በታማሚው ላይ ግን ለውጥ ያመጣል። “ዕጢ” የሚል ወረቀት የተሰጠው ሰው ዓመት በዓመት ምስል ይነሣል፣ ፍርሃቱንም ይዞ ይኖራል፤ ቀዶ ሐኪሙም ሲያመነታ ወደ መቁረጥ ያደላል። “ለውጥ” የተባለለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የ2019ኙ ስያሜ ትክክለኛ ይመስለኛል። የተመረመሩት ታማሚዎች ግን በጣም ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም የአሲናር ሲስቶች አንድ ዓይነት ስለመሆናቸው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ መማል አይቻልም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ውጤቱ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመራ ክርክር አለ። በ2002 ኮስማልና ባልደረቦቹ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጭ ሆኖ ዕጢ ያልሆነ ሲስት አለ ብለው አንድ ወገን ለዩ። ሰላማዊ ነው የተባለለትን ይህን ወገን በ2017 በዘረመል የመረመሩት ግን በአንዳንዶቹ ውስጥ ኬራስ በሚባለው ዘረመል ላይ ለውጥ አገኙ፤ ይህ ለውጥ የቆሽት ካንሰርና የአይፒኤምኤን የታወቀ መነሻ ነው። ያ ማለት ሲስቶቹ አደገኛ ናቸው ማለት ላይሆን ይችላል፤ “ዕጢ አይደለም” የሚለው ድፍን ፍርድ ግን ጸንቶ መቆም አቅቶታል። አንዱ ወገን ከዕጢነት ወጣ፣ ሌላው ወደ ዕጢነት ተጠጋ። ሰላማዊነት ከመልክ ብቻ እንደማይነበብ ከሁለቱም ይታያል።

መርፌው የሚናገረውና የሚያሳስተው

በኢንዶስኮፕ ጫፍ ላይ በተገጠመ አልትራሳውንድ ሲስቱን ከጨጓራ በኩል በቅርብ አይቶ በመርፌ ፈሳሽ መቅዳት ይቻላል። በ2004 የታተመው፣ 341 ታማሚዎችን የያዘው የአሜሪካ የጋራ ጥናት ሲኢኤ የሚባለውን ፕሮቲን በፈሳሹ ውስጥ ለካ፤ በሚሊሊትር 192 ናኖግራም መስመር ቢሰመር ሙሲነሱን ከሌላው ለመለየት 79 በመቶ ያህል ትክክል እንደሚሆን አሳየ። ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ።

ችግሩ እነዚህ ብርቅ ሲስቶች ይህን መስመር አለማክበራቸው ነው። የሊምፎኤፒቴልያልና የተጨማሪ ጣፊያ ሲስቶች ሽፋን ራሱ፣ ካንሰር ሳይኖርበት፣ የቆሽት ካንሰር ጠቋሚ ተደርጎ የሚለካውን ሲኤ 19-9ን ያመነጫል፤ ሲኢኤም ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሰላማዊው ሲስት በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ከአደገኛው ይብሳል። በደም ውስጥ ያለው ሲኤ 19-9 ከፍ ሲል ታማሚው ካንሰር ያዘኝ ብሎ፣ ሐኪሙም እንዳያመልጠኝ ብሎ ይጣደፋሉ። በቁጥሩ ምክንያት የወጡ፣ ሲወጡም ሰላማዊ የሆኑ ሲስቶች በየሕክምና መጽሔቱ ተመዝግበዋል።

ከፈሳሹ ይልቅ ሕዋሱ የተሻለ ይናገራል። የተቀዳው ናሙና ቆዳ መሰል ሕዋሳት፣ የረገፈ ሽፋንና ብዙ የሊምፍ ሕዋስ ካሳየ ልምድ ያለው ፓቶሎጂስት ሊምፎኤፒቴልያል ነው ብሎ ቢላዋውን ሊያስቀር ይችላል፤ ይህ ተደርጎም ተሳክቷል። የዘረመል ምርመራም እያገዘ ነው፦ ኬራስና ጂኤንኤኤስ የሚባሉት ዘረመሎች ሲለወጡ ወደ ሙሲነስ፣ ቪኤችኤል የሚባለው ሲለወጥ ወደ ሴረስ ያመለክታሉ። ለብርቆቹ ግን እስካሁን የታወቀ የራሳቸው ምልክት የለም፤ የሚለዩት “ምንም አልተገኘም” በሚል ነው። ከባዶ መልስ በመነሣት ሰላማዊ ነው ብሎ መፍረድ ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል።

ማን ይቆረጥ?

የቆሽት ሲስት የታየበት ሰው ምን ይደረግ የሚሉት መመሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ከ2006ቱ የሰንዳይ ስምምነት አንሥቶ የፉኩኦካ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ማኅበራት መመሪያዎች ተከታትለዋል። ከሁሉም በላይ ያጨቃጨቀው በ2015 የአሜሪካ ጋስትሮኢንተሮሎጂ ማኅበር ያወጣው ነው። ሦስት ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ መሆን፣ የዋናው ቧንቧ መስፋት፣ ጠጣር ክፍል መኖር ከሚሉት ቢያንስ ሁለቱ ካልታዩ መርፌ አያስፈልግም፤ አምስት ዓመት ለውጥ ካልታየም ክትትሉ ይቁም አለ። ተቺዎቹ ካንሰር ያመልጣል ብለው ተነሡ፤ ደጋፊዎቹ ደግሞ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት እየተቆረጠ ነው አሉ።

ደጋፊዎቹ በእጃቸው ማስረጃ አላቸው። የቆሽት ቀዶ ሕክምና ከባድ ነው፤ በ2002 በአሜሪካ የታተመው የበርክማየር ጥናት እንዳሳየው ይህን ቀዶ ሕክምና አልፎ አልፎ ብቻ በሚሠሩ ሆስፒታሎች ከታማሚዎቹ 16.3 በመቶው ሲሞቱ፣ አዘውትረው በሚሠሩት 3.8 በመቶ ነበር። በተጨማሪም በ2016 የታተመው፣ 2,622 የሴረስ ሲስት ታማሚዎችን ከ19 አገሮች የሰበሰበው ጥናት አለ። ከነዚህ 61 በመቶው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ከተቆረጡት 60 በመቶው የተቆረጡት ምንነቱ በእርግጠኝነት ስላልታወቀ ነበር። በሲስቱ የተነሣ የሞተው አንድ ሰው ሲሆን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሞቱት ግን አሥር ናቸው። ሴረስ ሲስት ከሰላማዊዎቹ ሁሉ በጣም የታወቀው ነው። በእሱ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ በማይታወቁት ላይ የሚሆነው ከዚህ የተሻለ ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም።

እዚህ ላይ የማስረጃው ትልቁ ክፍተት ይታያል። ስለ ብርቅ ሲስቶች የምናውቀው ከሞላ ጎደል ሁሉ የመጣው ከተቆረጡት ነው። ሰው ሳያስቸግሩ የኖሩት፣ በስሕተት ሐሰተኛ ሲስት ተብለው የተተዉት፣ ምስል ላይ ታይተው የተረሱት አልተቆጠሩም። ስለዚህ መጽሔቶቹ የሚነግሩን መጠናቸውና የሚያስከትሉት ሕመም ከእውነተኛው የበዛ ሳይሆን አይቀርም።

ትሉና ቲቢው

ይህ ጥያቄ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መልኩ ይለወጣል። በሰሜኑ ዓለም መጽሔቶች በዝርዝሩ መጨረሻ የሚጻፉት ሁለት በሽታዎች እዚህ ወደ ላይ መውጣት አለባቸው።

የመጀመሪያው ሃይዳቲድ ሲስት ነው። የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል ያመጣዋል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። የኮሶ ትል ከጥሬ የበሬ ሥጋ ይመጣል፤ ይህኛው የሚመጣው ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር የወጣው እንቁላል በእጅ፣ በውሃ ወይም በአትክልት ወደ አፍ ሲገባ ነው። ውሻውን የሚይዘው የታረደ ከብት የታመመ ጉበትና ሳንባ ሲጣልለት ነው። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች መካከል በአልትራሳውንድ የተደረጉ ጥናቶች በሽታው በስፋት መኖሩን አሳይተዋል። ሲስቱ አብዛኛውን ጊዜ ጉበት ላይ፣ ቀጥሎም ሳንባ ላይ ያርፋል፤ ቆሽት ላይ የሚያርፈው ከመቶ ሁለት አይበልጥም። ነገር ግን ሳይጠረጠር በመርፌ ከተወጋና ፈሳሹ ወደ ሆድ ዕቃ ከፈሰሰ ለሕይወት የሚያሰጋ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስነሣ፣ በሽታውንም በሆድ ውስጥ ሊዘራ ይችላል። የደም ምርመራው ነጻ መሆኑ ብቻውን በሽታው አለመኖሩን አያረጋግጥም። በምስል ላይ የተላቀቀ ሽፋን ወይም ትንንሽ ሲስቶች በትልቁ ውስጥ ሲታዩ መርፌው ቆሞ አልበንዳዞል የተባለውን የትል መድኃኒት መጀመርን ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው የቆሽት አካባቢ ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ የቲቢ ጫና አለባቸው ካላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በቆሽት ዙሪያ ያሉ የሊምፍ ዕጢዎች በቲቢ ሲያብጡና መሐላቸው ሲበሰብስ ምስሉ ጠጣር ጠርዝ ያለው ሲስት ይመስላል፤ ክብደት መቀነሱና ትኩሳቱም የካንሰሩን ጥርጣሬ ያጠነክራሉ። የሚድነው ግን በወራት የመድኃኒት ሕክምና ነው እንጂ በቢላዋ አይደለም። በእስራኤልም ሆነ በአሜሪካ ከኢትዮጵያ የሄደን ታማሚ የሚያይ ሐኪም ሁለቱን በሽታዎች በዝርዝሩ ላይ ካላስቀመጠ፣ ሌሎቹን ሁሉ በትክክል ቢያስብም ሊሳሳት ይችላል።

በአገር ውስጥ የሲቲ ስካን መሣሪያዎች ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞችም እየበዙ ነው። በኢንዶስኮፕ የሚሠራው አልትራሳውንድና የሕዋስ ንባብ ግን በዚያ ፍጥነት አልተከተሉም። የሚገኘው ሲስት በዝቶ መለያው ሲያንስ፣ ታማሚው ወይ ያለ በቂ ምክንያት ይቆረጣል ወይም ሳይታወቅለት ይሰናበታል። ቆሽትን ጥቂት ጊዜ ብቻ በሚከፍቱ ሆስፒታሎች የበርክማየር ቁጥር ምን እንደሚል እያሰብኩ፣ ከሁለቱ የትኛው ጉዳት እንደሚበልጥ በየሆስፒታሉ መመዝገብ ያለበት ይመስለኛል፤ የተቆረጠው ብቻ ሳይሆን ሳይቆረጥ የተሰናበተውም ታማሚ ስሙ በመዝገብ ገብቶ ከዓመት በኋላ ተጠርቶ መታየት ይኖርበታል።